በጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚታይ የደም ነቀርሳ፤ የምርመራውና የሕክምናው ታሪክ ከምሥራቅ አዲስ አበባ አንጻር

የሕክምና መጻሕፍት ጨቅላ ሕፃን የሚሉት ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ 28 ቀን እስኪሞላው ድረስ ያለውን ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ደግሞ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀንዋ ክርስትና ይነሣሉ፤ ሕፃኑ ታሞ ለሞት ካልተቃረበ በቀር ከዚያ ቀን አስቀድሞ ለጥምቀት አይቀርብም። እንግዲህ በመጀመሪያው ወር ታሞ የሚሞት ሕፃን ብዙውን ጊዜ የክርስትና ስም ሳይወጣለት፣ በመዝገብም ሳይጻፍ የሚያልፍ ነው። ስም የሌለው ሙት ለታሪክ ጸሐፊ አስቸጋሪ ነው፤ የሞተበት በሽታም ስም የሌለው ሲሆን ይብሱን ያስቸግራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እንዲህ ካሉት በሽታዎች አንዱን፣ ይኸውም ሉኪሚያ የሚባለውን የደም ነቀርሳ፣ ከልደት እስከ መጀመሪያው ወር ባለው ጊዜ ሲታይ ነው። አንባቢው ይህን ያህል ብርቅ የሆነ በሽታ ለምን መረጣችሁ ብሎ ቢጠይቀን አግባብ ነው። መልሳችን ይህ ነው፤ የዚህ በሽታ ታሪክ ከመድኃኒት ታሪክነቱ ይልቅ የመለየት ታሪክ ነው። በጨቅላ ደም ውስጥ ነጭ ሕዋሳት ከመጠን በላይ በዝተው ሲገኙ ነገሩ መመረዝ ሊሆን ይችላል፤ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ አላፊ ሉኪሚያ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እውነተኛው ገዳይ ሉኪሚያ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያው የሚሰጠው መድኃኒት ለሦስተኛው አይረባም፤ ለሦስተኛው የሚሰጠው ደግሞ ሁለተኛውን ሊገድል ይችላል። በቦሌ፣ በገርጂ ወይም በአያት የሚወለድ ልጅ ዕጣው የሚወሰነው ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ማን ቶሎ ለየለት በሚለው ነገር ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያለው የዘመን ቁጥር ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው ይገንዘብልን።

በቀድሞው ዘመን ለበሽታው በአማርኛ የተለየ ስም አናገኝለትም። ይህም አያስደንቅም፤ ሆዱ የተነፋ፣ ቆዳው የገረጣ፣ ጡት አልይዝ ያለ ሕፃን በብዙ ምክንያት እንዲሁ ሊሆን ይችላልና። ቤተሰቡ ነገሩን ለቡዳ፣ ለምች ወይም ለእንጥል መውረድ ይሰጠው ነበር፤ እንጥል መቁረጥም በብዙ የአገራችን ክፍል ለጨቅላ ሕፃናት ሲደረግ የኖረ ልማድ ነው። በሉኪሚያ የታመመ ሕፃን ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ሕዋሳት፣ ፕላትሌት የሚባሉት፣ እጅግ ስለሚያንሱት በትንሽ ቁስል እንኳ ብዙ ሊደማ ይችላል። እንጥሉ ተቆርጦ ደሙ አልቆም ብሎ ከሞቱት ሕፃናት መካከል ይህ በሽታ የነበረባቸው ይኖሩ ይሆን ብለን ማሰባችን አልቀረም፤ ነገር ግን ይህ ግምት ነው እንጂ ማስረጃ የለውም።

በኤውሮጳም ቢሆን በሽታው ስም ያገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። በ1845 በኤዲንበርግ ከተማ ጆን ሂዩዝ ቤኔት የተባለው ሐኪም የአንድ ሟች አስከሬን መርምሮ ደሙ በነጭ ሕዋስ ተሞልቶ አገኘውና መግል የገባበት ደም ነው ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት በበርሊን ሩዶልፍ ፊርሆቭ ተመሳሳይ ነገር አይቶ «ነጭ ደም» ብሎ ሰየመው፤ በ1847ም ከግሪክ ቃል አውጥቶ «ሉኪሚያ» አለው። ፊርሆቭ በ1845 ዕድሜው ገና 24 ዓመት ነበር፤ ይህን የምንጠቅሰው ለእኛ ለተማሪዎች ደስ ስለሚለን ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ማን ቀደመ በሚለው ነገር ተከራክረዋል። እኛን ግን የሚያስፈልገን የክርክሩ ፍሬ ነገር ነው። ቤኔት እንደ መግል፣ ማለት እንደ መመረዝ ዓይነት አድርጎ አየው፤ ፊርሆቭ የነጭ ሕዋሳቱ ብዛት ራሱን የቻለ በሽታ ነው አለ። ዛሬም በአንድ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ተረኛው ሐኪም የሕፃኑን የደም ቆጠራ ውጤት ይዞ ሲያሰላስል በልቡ የሚመላለሰው ያው የ1845 ጥያቄ ነው። የአዋቂ ነጭ ሕዋስ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ሲሆን፣ ጤነኛ ሕፃን በተወለደ ዕለት እስከ 30,000 ሊኖረው ይችላል። በአዋቂ የሚያስደነግጠው ቁጥር በጨቅላ ምንም ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ብርቱ መመረዝ፣ በእናት ማኅፀን የተያዘ ቂጥኝ፣ ወይም የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ቁጥሩን ከዚያ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም፤ ሕዋሱን ራሱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ሕዋሱን በዓይን ለማየት ደግሞ ቀለም ያስፈልጋል። በ1870ዎቹ መጨረሻ ፓውል ኤርሊሽ የተባለው ጀርመናዊ የደም ሕዋሳትን በቀለም ነክሮ ዓይነታቸውን መለየት ጀመረ። በ1891 ሮማኖቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ፣ በ1904 ደግሞ በሐምቡርግ ጉስታቭ ጊምዛ የወባን ጥገኛ በደም ውስጥ ለማሳየት የሚሆን ቀለም አዘጋጁ። የጊምዛ ቀለም በአገራችን ታሪክ ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው፤ በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሲቋቋም ደም በመስተዋት ላይ ቀብቶ፣ በጊምዛ ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ማየት የሚችሉ ሰዎች በየአውራጃው መሠልጠን ነበረባቸውና። የአዲስ አበባ ከፍታ ለወባ የማይመች ቢሆንም ከቆላ ለሚመጣ መንገደኛ ሲባል ቀለሙና ማይክሮስኮፑ በከተማው ጤና ጣቢያዎችም ይገኛሉ። ደሙ ሳስቶ በሚገባ ከተቀባ፣ ወባን የሚያሳየው ያው ቀለም ያልበሰለውን ነጭ ሕዋስም ያሳያል። ትልቅ ክብ አስኳል፣ ጠባብ ሰማያዊ ዳርቻ፣ በአስኳሉ ውስጥ እንደ ቀዳዳ የሚታይ ነጥብ ያለው ሕዋስ በብዛት ሲገኝ ነገሩ ተራ መመረዝ አለመሆኑ ይጠረጠራል። እኛ ይህን ስናጠና ከሁሉ ይልቅ የደነቀን ይህ ነው፤ የመጀመሪያው የጥርጣሬ መሣሪያ ከውጭ እስኪመጣ የሚጠበቅ አይደለም፣ ለሌላ በሽታ ተብሎ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የጎደለው ያንን ሕዋስ አይቶ የሚያውቅ ዓይን ነው።

ስለ መድኃኒቱ ታሪክ ብዙ ስለ ተጻፈ በአጭሩ እናልፈዋለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከመከፈቱ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1948፣ በቦስተን ሲድኒ ፋርበር አሚኖፕተሪን የተባለውን መድኃኒት ለ16 ሕፃናት ሰጥቶ በ10ሩ ላይ በሽታው ለጊዜው ማፈግፈጉን አስታወቀ። ማፈግፈጉ የወራት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሜርካፕቶፑሪን፣ ቪንክሪስቲንና ሌሎችም ተጨመሩ፤ በ1962 በሜምፊስ የተከፈተው የቅዱስ ጁድ ሆስፒታል ሐኪም ዶናልድ ፒንክልና ባልደረቦቹ መድኃኒቶቹን አጣምረው፣ ወደ አንጎል የሚሸሸውንም በሽታ አብረው በማከም፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ግማሽ ያህሉን ሕፃናት ወደ መፈወስ ደረሱ። ዛሬ በሀብታም አገሮች የተለመደውን የሕፃናት ሉኪሚያ ከታመሙት ከ10 ሕፃናት 9ኙ ገደማ ይድናሉ። ይህ ድል ግን የአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ድል ነው። ከአንድ ዓመት በታች ያሉት ለብዙ ጊዜ ከግማሽ አላለፉም፤ በመጀመሪያው ወር የታመሙት ደግሞ ከዚያም እጅግ ያንሱ ነበር።

ምክንያቱ ከፊሉ በበሽታው ጠባይ፣ ከፊሉ በሕፃኑ አካል ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በመላ አካሉ ያለው ደም 250 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለት አንድ የውኃ ብርጭቆ ያህል ነው። ለምርመራ በየቀኑ የሚቀዳለት ሁለት ሦስት ሚሊ ሊትር ከዚያች ብርጭቆ ነው የሚቀነሰው። ጉበቱና ኩላሊቱ ገና ያልጠነከሩ ስለ ሆኑ የመድኃኒቱ መጠን በኪሎ ተሰልቶ፣ ተቀንሶም መሰጠት አለበት። የበሽታው ምልክትም የተለየ ነው፤ ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ፣ ከእትብቱ ደም ይንጠባጠባል፣ በቆዳው ላይ ሐምራዊ ጠጣር እብጠቶች ይወጣሉ። የምዕራብ መጻሕፍት እነዚህን እብጠቶች እነርሱ በሚያውቁት ፍሬ ይመስሏቸዋል፤ እኛ በአጋም ፍሬ ብንመስላቸው ይስማማናል። በጠይም ቆዳ ላይ ግን ቀለማቸው ጎልቶ ስለማይታይ ከዓይን ይልቅ ጣት ይሻላል፤ መጻሕፍቱ በነጭ ሕፃናት ሥዕል የተሞሉ ስለ ሆኑ ይህን መናገር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አሁን ወደ ጥናታችን ዋና ነጥብ እንመጣለን። በ1959 ፈረንሳዊው ዤሮም ለዤንና ባልደረቦቹ ዛሬ ዳውን ሲንድሮም በሚባለው ሁኔታ የተወለዱ ልጆች 21ኛው ክሮሞሶም ሦስት ሆኖ እንደሚገኝባቸው አስታወቁ። በ1964፣ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ በተከፈተበት በዚያው ዓመት፣ ኤንግልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አንድ እንግዳ ነገር ጻፉ። ይህ ሁኔታ ያላቸው ሰባት ጨቅላዎች ደማቸው ፍጹም ሉኪሚያ መስሎ ታየ፤ ነገር ግን አላፊ ሆነ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከእውነተኛው በሽታ ሕዋሳት የማይለዩ ሕዋሳት በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ጠፉ። ምክንያቱ የታወቀው ከ2002 ወዲህ ነው፤ ገና በማኅፀን ሳለ ከተጨማሪው ክሮሞሶም ጋር በአንድ የደም ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ መሆኑ ተገኘ።

ዳውን ሲንድሮም ካላቸው ጨቅላዎች ከ10 አንዱ ገደማ ይህ አላፊ ሉኪሚያ ይታይበታል። አብዛኞቹ በሦስት ወር ውስጥ ያለ መድኃኒት ይነጻሉ። ጥቂቶቹ ግን ጉበታቸው ይጎዳል፣ ውኃ በአካላቸው ይጠራቀማል፤ ለእነዚህ ሳይታራቢን የተባለው መድኃኒት በጣም በትንሽ መጠን ይሰጣቸዋል። እንግዲህ ሐኪሙ የደሙን መስተዋት ብቻ አይቶ የሕፃኑን ፊት፣ የእጁን መስመርና የጡንቻውን ልል መሆን ሳያይ ብርቱውን መድኃኒት ቢጀምር ሊድን የነበረውን ልጅ ሊያጠፋው ይችላል። የፊት መልክን ደግሞ በልደት ቀን ማወቅ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም፤ ክሮሞሶሙን መቁጠር ያስፈልጋል። ዳውን ሲንድሮም የሌለባቸውም ቢሆኑ አልፎ አልፎ በሽታው በራሱ ያፈገፈገላቸው ጨቅላዎች ተመዝግበዋል፤ ስለዚህ ሕፃኑ ካልተዳከመ መጠበቅ ራሱ ከሕክምና ይቆጠራል።

ይህ ለአገራችን ምን ያህል እንደሚነካ በግምት እናስላ። እውነተኛው የጨቅላ ሉኪሚያ በውጭ አገር ጥናት ከአንድ ሚሊዮን ሕያው ልደት ከ1 እስከ 5 ያህል ነው። በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን ሕፃናት ይወለዳሉ ብንል በመላው አገር ከ4 እስከ 20 ሕፃናት ማለት ነው። ዳውን ሲንድሮም ከ1,000 ልደት በአንዱ ይታያል ብንል 4,000 ሕፃናት፣ ከእነዚህም አንድ ዐሥረኛው አላፊው ሉኪሚያ ቢኖርበት 400 ሕፃናት ይሆናሉ። ይህ በውጭ አገር መጠን ተባዝቶ የተገኘ እንጂ በአገራችን ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም። ቢሆንም ሚዛኑ ግልጽ ነው፤ በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚሠራ ሐኪም በጨቅላ ደም ውስጥ የሉኪሚያ ሕዋስ ቢያጋጥመው ከገዳዩ ይልቅ አላፊው ሊሆን ይችላል። «የደም ነቀርሳ ነው» የሚለው ቃል በችኮላ ለእናቲቱ ሲነገር ምን እንደሚያደርግ መግለጥ አያስፈልገንም።

እናቲቱን ካነሣን አይቀር፣ ጥፋቱ በእርስዋ እንዳልሆነ የሚያስረዳው ማስረጃ ከመንትዮች የመጣ ነው። በ1993 የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ሁለቱም ሉኪሚያ የያዛቸው ተመሳሳይ መንትዮች አንድ ዓይነት የጂን ስብራት እንዳላቸው አሳዩ፤ በሽታው በአንደኛው ማኅፀን ውስጥ ተነሥቶ በጋራው የእንግዴ ልጅ የደም ሥር ወደ ሌላው ተሻግሯል ማለት ነው። በ1997 ደግሞ በልደት ጊዜ ከሕፃናት ተረከዝ በወረቀት ላይ ተወስዶ የተቀመጠ የደረቀ ደም ተመርምሮ፣ ከወራት በኋላ የታመሙት ልጆች ስብራቱ በተወለዱ ጊዜ እንደ ነበራቸው ተገኘ። በአገራችንም የኤችአይቪ ምርመራ ለማድረግ የሕፃናት ደም በወረቀት ላይ ደርቆ ከጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ወረቀቱ ግን ለጂን ምርመራ እንጂ ሕዋስ ለማየት አይሆንም፤ ለዚያ መስተዋቱን የሚተካ የለም።

ቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ እርሱ ከተዛወረበት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊት እርሻና መንደር ነበር። በምሥራቁ በኩል የቆየው ሆስፒታል ወደ የካ ያለው፣ በ1910 ገደማ የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ክሊኒክ፣ በኋላም የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከመሐል ከተማው ወደ ምዕራብ ባለው ወገን ናቸው። በ2004 የመጀመሪያዎቹ የኮንዶሚኒየም ቤቶች በገርጂ ተሠሩ፤ በዚያው ዓመት በዚያው ሰፈር ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል የሚለው የሚዩንግሰንግ ሆስፒታል ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ በሰው ተሞሉ፤ በ2020ም ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲሄድ የነቀርሳ ሕክምናው በምዕራብ ቀረ። በአያት ጠርዝ የተወለደ ሕፃን ደሙ ሲጠረጠር ሪፈር ተጽፎለት መላውን ከተማ አቋርጦ ወደ ጥቁር አንበሳ ይሄዳል።

የተለወጠው ነገርም ቀላል አይደለም። በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ልደት በጤና ተቋም የተፈጸመው 5 ብቻ ነበር፤ በ2019 ግን 48 ደረሰ፤ በአዲስ አበባ በ2016 እንኳ 97 ነበር። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ከ1,000 ሕያው ልደት በ2000 49 የነበሩት በ2016 ወደ 29 ወርደው በ2019 33 ሆነው ተገኝተዋል። ያለ ጊዜው መወለድ፣ መታፈንና መመረዝ ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛሉ፤ ሉኪሚያ በመካከላቸው አይታይም። ነገር ግን መመረዝ ተብሎ ፀረ ተሕዋስያን ተሰጥቶት ሳይሻለው የሞተ ጨቅላ ደሙ በመስተዋት ካልታየ፣ በዚህ መዝገብ ውስጥ የሚገባው በመመረዝ ስም ነው። በ2011 በጥቁር አንበሳ የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብም የሚመዘግበው የተለየውን ብቻ ነው።

በ2004 በደም ነቀርሳ በሞተ ሕፃን ስም ወላጆቹ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ሕዝቡ ልጆችም ነቀርሳ እንደሚይዛቸው ከሰማባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። በ2010ሮቹ ዓመታት በጥቁር አንበሳ የሕፃናት ነቀርሳ ሐኪሞች በአገር ውስጥ መሠልጠን ጀመሩ፤ በኋላም ሕክምናው በጅማ፣ በጎንደርና በመቀሌ ተተከለ። ከ2019 እስከ 2023 የሚሠራ ብሔራዊ የሕፃናትና የወጣቶች ካንሰር መከላከያ ዕቅድም ወጥቶ ነበር። በውጭ አገር በ2023 ብሊናቱሞማብ የተባለው መድኃኒት ከአንድ ዓመት በታች ላሉ 30 ሕፃናት ከተለመደው ሕክምና ጋር ተጨምሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት የቀሩት ከ100 ወደ 82 መድረሳቸው ተነገረ፤ ቀድሞ 49 ገደማ ነበር። መድኃኒቱ ለ28 ቀን ሌትና ቀን በደም ሥር የሚንጠባጠብ ነው። ዋጋውን ትተን፣ መብራት በማይጠፋበትና ነርስ በማይለይበት ክፍል ብቻ የሚሰጥ መሆኑን እናስታውስ።

ስለዚህ እውነተኛው በሽታ የያዘው የአያት ሕፃን ዛሬም የመዳን ተስፋው ጠባብ ነው፤ ይህን ለማሳመር አንሞክርም። አላፊው የያዘው ግን ሌላ ነው። እርሱን ለማዳን በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የተቀባ መስተዋት፣ ክሮሞሶም የሚቆጥር ላቦራቶሪ፣ ለመጠበቅ የሚደፍር ሐኪም፣ ከዚያም መዝገብ ነው። መዝገቡ የሚያስፈልገው ከነጹት ልጆች ከ5 አንዱ አራት ዓመት ሳይሞላው እውነተኛው ሉኪሚያ ሊመለስበት ስለሚችል ነው፤ ያም ቶሎ ከተያዘ ከሌላው ሉኪሚያ ይልቅ በቀላሉ ይድናል። በየሦስት ወሩ ደሙ እየታየ አራት ዓመት መከታተል ይገባል። ከገርጂ የኪራይ ቤት ተነሥቶ ወደ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የተዛወረ ቤተሰብ ግን የልጁ ካርድ በቀድሞው ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ይቀርና በአዲሱ ሰፈር እንደ አዲስ ሕመምተኛ ይመዘገባል።